ለጡረታ የባሕር ጠረፍ፦ ትንሿ የመዝናኛ ከተማ ወይስ የወደብ ከተማ?

ትንሿ ከተማ ልብ ትሰርቃለች። ጸጥታዋ፣ አሸዋዋ፣ የጠዋት ወክ መንገዷ ሸጋ ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቻችን የምናያት በሽርሽር ወቅት ብቻ ነው። እንግዳው ሲሄድ ሱቁ ይዘጋል፤ አውቶቡስም እንደ ልብ አይገኝም።

የወደብ ከተማዋ ትጮኻለች። ክሬኑ ሌሊትም አያርፍ። ግን ትልቅ ሆስፒታል አታጣም። ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፦ በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት።

ጨዋማው አየር ሁለቱም ጋ አለ፤ የበር ማጠፊያውን ዝገት ይበላዋል።

እኔ ብሆን ወደቧን እመርጣለሁ፤ ከክሬኖቹ ራቅ ብዬ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ይዤ። ትንሿን ካልሆነ ያለ ግን ጭር በምትልበት ሰሞን አንድ ወር ተከራይቶ ይሞክራት።