8×42 ወይስ 10×42? ለሐዋሳ ሐይቅ ዳር የርቀት መነጽርና የወፍ መጥሪያ ስትመርጡ

ባለፈው ወር ሁለት ጓደኞቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው መጡ። «የርቀት መነጽር ልገዛ ነው። ስንት የሚያቀርበው ይሻላል?» አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይወርዳል። ወፍ ማየት ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። ሌላዋ እንግዶች ይዛ ወደ ወንዶ ገነትና ቆርኬዎች ወደሚጠበቁበት ሰንቀሌ የምትመላለስ አስጎብኚ ናት። ሁለቱም ከመነጽሩ ጋር አዳኞች ድምፅ እያስመሰሉ ወፍ የሚስቡበትን የወፍ መጥሪያ መግዛት አምሯቸዋል። የሰጠኋቸው መልስ ግን አንድ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እኛ አገር ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ጉዳዩን ይገዛዋል። ስለዚህ እዚህ የማወራው በዓይን ስለማደን ነው። ዕቃው ግን ብዙም አይለያይም። አዳኝም ሆነ ወፍ ተመልካች የሚፈልገው እንስሳው ሳይሸሽ ጥርት አድርጎ ማየት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

8×42 ሲባል 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ይመጣል። ይህ ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ለ10×42 ይኸው ክብ 4.2 ሚሊሜትር ነው። ኪስ ውስጥ ለሚገባው 10×25 ደግሞ 2.5 ብቻ።

ቀትር ላይ ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። በጠራራ ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ራሱ ወደ 2 እና 3 ሚሊሜትር ይጠባል። ልዩነቱ የሚገለጠው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሐይቁ ገና ጭጋግ ለብሷል፤ ጀልባዎቹ እየተመለሱ ነው፤ ወፎቹም በጣም የሚንቀሳቀሱት ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት 10×25 ያሳየኝ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። 8×42 የላባውን ቀለም አሳየኝ።

ሌላው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። መነጽር ወፉን ብቻ አያጎላም፤ የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ ያጎላል። በ10 እጥፍ ከጀልባ ላይ ማየት ለእኔ አድካሚ ነው። ውሃው ያወዛውዛል፣ ምስሉ ይዘላል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይን ይደክማል። በ8 ይቻላል።

የሚታየው ስፋትም ይለያያል። አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ጥሩ 8×42 ወደ 130 ሜትር የሚሆን ስፋት ያሳያል። 10×42 ግን ከ100 እስከ 115 ሜትር አካባቢ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ደንገል ውስጥ ሽው የምትል ትንሽ ዓሣ አዳኝ ወፍ ስትፈልጉ ግን ትርጉሙ ይገባችኋል። በጠባብ መስኮት ስትፈልጓት እሷ ሄዳለች።

ታዲያ 10×42 መቼ ይሻላል? ሜዳው ሲሰፋና እንስሳው ሲርቅ። ሰንቀሌ ላይ ቆርኬዎቹ ሣሩ መሃል ርቀው ይቆማሉ። መኪና ላይ ወይም ባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ከደገፋችሁት 10 እጥፍ ጥሩ ነው። የቀንዱን ቅርጽ፣ የግልገሉን ዕድሜ ለይታችሁ ታያላችሁ። ታቦር ተራራ ላይ ቆሞ ሐይቁን ለሚቃኝም እንዲሁ።

8×32 የሚባለው ደግሞ ቀለል ያለ ነው። ክቡ 4 ሚሊሜትር ስለሆነ በብርሃን ከ10×42 ብዙም አይርቅም። አንገት ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚያንጠለጥልና ለልጆች ይስማማል። 10×25ን ግን እንደ ዋና መነጽር አትግዙት።

«30×60» የሚል ካያችሁ

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ገንዘቤን የበላው ይሄ ነው። የመጀመሪያ መነጽሬ ላይ በትልቁ «30×60» ተጽፎበታል። መስታወቱ እንደ ሩቢ ቀይ ነው። ሻጩ «እስከ ሲዳማ ተራሮች ያሳያል» አለኝ። ቤት ወስጄ ሳየው የሚያቀርበው ከ8 እጥፍ የማይበልጥ መሰለኝ። የፊተኛው መስታወትም 60 ሚሊሜትር አልነበረም፤ በማስመሪያ ለካሁት። ከሁሉ የባሰው ሁለቱ ቱቦዎች አለመገጣጠማቸው ነው። አንዱን ፔሊካን ሁለት አድርጎ ያሳየኝ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላኝ ራሴን ያመኝ ጀመር።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ፈትኑት። መነጽሩን ክንድ ያህል አርቃችሁ ወደ ብርሃን አዙሩትና በዓይን ማስጠጊያው በኩል ያለውን ብሩህ ክብ ተመልከቱ። ሙሉ ክብ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠርዙ እንደ አራት ማዕዘን ከተቆረጠና ከጠቆረ፣ ውስጡ ያለው መስታወት ርካሹ ዓይነት ነው ማለት ነው። በዕቃው መግለጫ ላይ የውስጡ መስታወት ዓይነት ቢኤኬ4 (BaK4) የሚለውን ምረጡ፤ ቢኬ7 (BK7) ከሚለው ይሻላል። ቀይ ቅብ ያለውን መስታወት ተዉት፤ የሚያስፈልጋችሁን ብርሃን ይመልሰዋል። ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ የሕንፃ ጫፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ተመልከቱ። ሽቦው ሁለት ሆኖ ከታያችሁ አመስግናችሁ መልሱት።

የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መግለጫው ላይ የዓይን ርቀት (eye relief) የሚለውን፣ ማለትም ዓይን ከማስጠጊያው መስታወት ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል እንደሚያይ፣ እዩ። 15 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ ዙሪያው ይጠቁርባችኋል። ውሃ የማያስገባና ውስጡ ናይትሮጅን የተሞላ ከሆነ ደግሞ በእኛ ክረምት ውስጡ ጉም አይዝም። ለጀልባ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

መጥሪያው ያስፈልጋል?

የሚነፋው መጥሪያ ርካሽና ባትሪ የማይፈልግ ነው። ግን አብዛኛው የዳክዬ መጥሪያ የተሠራው የአውሮፓና የአሜሪካ አዳኞች የሚያድኑትን አረንጓዴ ራስ ዳክዬ ለመጥራት ነው። እኛ ሐይቅ ላይ ያለችው ነጭ ፊት ዳክዬ ግን ታፏጫለች። በሌላ ቋንቋ ብትጠሯት ለምን ትመጣለች? ለሐዋሳ ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ።

የወፉን ድምፅ በስልክና በትንሽ ብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ማጫወት በጣም ይሠራል። ችግሩም እሱ ነው። ወፉ የተቀዳውን ድምፅ ሲሰማ ተቀናቃኝ ግዛቱ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። መብላቱን ትቶ፣ ጎጆውን ትቶ ይመጣል። አንድ ሰው አንዴ ቢያደርገው ያልፋል። በየቀኑ አሥር አስጎብኚ በአንድ ዛፍ ሥር ቢያጫውተው ግን ወፉ ዕረፍት የለውም። በአሜሪካ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ዳክዬና ዝይ በተቀዳ ድምፅ ጠርቶ ማደን በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው። አዳኞች እንኳ እዚያ ላይ ልጓም ተደርጎባቸዋል። የግድ ከተጠቀማችሁ ድምፁን ቀንሳችሁ ለጥቂት ሰከንድ አጫውቱ። ወፉ ከመለሰ ወዲያው አቁሙ። ጎጆ አጠገብ በፍጹም አይሆንም።

ስልኩን ለማዳመጥ ብትጠቀሙበት ይሻላል። የኮርኔል የአእዋፍ ጥናት ላብራቶሪ ያወጣው ሜርሊን የሚባለው መተግበሪያ ነፃ ነው። ቤት እያላችሁ በዋይፋይ የአካባቢውን ወፎች ካወረዳችሁ፣ ኔትወርክ በሌለበትም ፎቶና ድምፃቸውን ያሳያችኋል።

ሦስተኛው የከንፈር «ፕሽ ፕሽ» ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ወፎች ምን እንደሆነ ለማየት ብቅ ይላሉ። ገንዘብም አይጠይቅም። ከሁሉ የሚበልጠውን ግን አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ነግረውኛል። መረብ እያበጁ ከወዲያ ወዲህ ስል አዩኝና፣ «ልጄ፣ ምን ያሯሩጥሃል? ቁጭ በል፤ ራሳቸው ይመጣሉ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቅድም የሸሹኝ ወፎች ተመልሰው መጡ።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ቡኒ ወይም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ይበቃል። የአዳኞቹን ዥንጉርጉር ልብስ ግን ተዉት። የወታደር ልብስ ስለሚመስል ከጸጥታ ሰዎች ጋር የማያስፈልግ ጭቅጭቅ ያመጣባችኋል።

ሁለቱ ምን ገዙ?

የአሞራ ገደሉ ጓደኛዬ 8×42 ያዘ። አስጎብኚዋ 10×42 ከባለሦስት እግር መቆሚያ ጋር መረጠች፤ ለእንግዶቿም አንድ 8×32 ጨመረች። መጥሪያውን ሁለቱም ተዉት። በጀታችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነና ብዙ ጊዜያችሁ ሐይቅ ዳር ከሆነ፣ 8×42 ግዙ። ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ጉምሩክን ጠይቁ። ቦሌ ላይ የርቀት መነጽር የተያዘባቸው መንገደኞች አሉ።

ሲደርሳችሁ በመጀመሪያው ጠዋት ዓሣ ገበያው ጋ ውረዱ። ፍርፋሪ የሚጠብቅ አንድ አባ ኮዳ ምረጡ፤ እሱ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆም ለማስተካከያ ይመቻል። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመሃለኛው ጎማ ምስሉን ጥርት አድርጉት። ከዚያ ግራውን ጨፍኑና በቀኝ ዓይን ማስጠጊያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ፤ የመንቁሩ ጠርዝ ጥርት እስኪል። ቀለበቱ የቆመበትን ቁጥር ያዙት። ከዚያ በኋላ የምትነኩት የመሃለኛውን ጎማ ብቻ ነው።