ውሃው የት ሄደ? በኪራይ ፕራዶ ወደ ጅማ

አገር ቤት ደርሰው የሚመለሱ ወዳጆቼ ሆቴሉን፣ ክትፎውን፣ ማሳጅ ቤቱን ሳይቀር ይገመግማሉ። የኪራይ መኪና ላይ ሲደርሱ ግን «ንጹህ ናት፣ ሹፌሩም ጨዋ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ለገና እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ጅማ የሄድኩት በኪራይ ፕራዶ ነው። ስለዚህ ስለ ወንበሩ ትቼ ኮፈኑ ሥር ስላለው ላውራ። በተለይ ስለ ኩላንት፣ ማለትም ሞተሩን ስለሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ።

ከአከራዩ ልጀምር። ስሙን አልጠራም። መኪናዋ ላቫጆ ገብታ፣ ሽቶ ተረጭቶባት ቀረበች። ውል ስፈርም የአከራዩ ሠራተኛ ልጅ ጭረቱን ሁሉ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ጎማውን አየ፣ ነዳጁን አየ። ኮፈን የከፈተ ግን የለም። ክፈትልኝ ስለው «እህቴ አታስቢ፣ ከሰርቪስ ነው የወጣችው» አለኝ። ለመንኩትና ከፈተ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ለማየት ትክክለኛው ሰዓት ነው። ራዲያተሩ አጠገብ ያለችው ነጣ ያለች የፕላስቲክ የኩላንት ማጠራቀሚያ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ፈሳሹ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት። የእኛው ከታችኛው መስመር ትንሽ ብቻ ከፍ ብሏል። ቀለሙም የገረጣ ሮዝ ነው። ኩላንት ላይ ውሃ እየተደጋገመ ሲጨመርበት እንዲህ ይገረጣል። የመደቡልን ሹፌር፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ትልቅ ሰው፣ አጎንብሰው አዩና ምንም አላሉም። ሁለት ጀሪካን ውሃ ግን ከኋላ ጫኑ።

ሚኒሶታ ለምንኖር ሰዎች ኩላንት ማለት የብርድ መድኃኒት ነው። ጥር ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ሲገባ ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ብረቱን እንዳይሰነጥቅ እንሞላለን። አገር ቤት «በረዶ የለ፣ ውሃ ይበቃል» የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። ግን እዚያ ጣጣው ሌላ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን እንኳ ከ80 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው የሚሠራው። ልዩነቷ ጠባብ ናት።

እሷን የሚያሰፋው አንድም ኩላንቱ ራሱ ነው፤ አንድም የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑን ብዙ ሰው ይንቀዋል። በስፕሪንግ ተጭኖ ግፊት ይይዛል፤ ብዙ የቶዮታ ክዳኖች ላይ 1.1 ወይም 108 ተብሎ የሚጻፈው የግፊቱ ልክ ነው። የክዳኑ ጎማ ደህና ከሆነ ያው የአዲስ አበባ ውሃ 115 ዲግሪን አልፎ ነው የሚፈላው። ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ተመልሰን 92 ላይ ነን። ኩላንት ደግሞ ከመፍላት ሌላ ዝገትንም ይከላከላል። የቧንቧ ውሃ ይህን አያደርግም፤ ይባስ ብሎ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየውን ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩ ውስጥ ይጋግራል።

ወሊሶ ነዳጅ ማደያ ገባን። አገልግሎቱ ጥሩ ነው። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ከውጭ የመጣ ሰው ቴሌብር ከሌለው ሹፌሩ ካልከፈለለት በቀር ይቸገራል። ቀጂው ልጅ ሳንጠይቀው መስታወት ጠረገ፣ «ውሃ ልይላችሁ?» አለ። ልቡ ቀና ነው። ግን ሞተሩ እንደጋለ እጁን ወደ ክዳኑ ሰደደ። ጋሼ ጮኸው አስቆሙት። ልክ ናቸው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ውሃ የታመቀ ነው፤ ከ100 ዲግሪ በላይም ሊሆን ይችላል። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ማደያዎች ልጆቹን ምንም ሌላ ነገር ባያስተምሩ ይህችን ያስተምሯቸው።

ወልቂጤ ክትፎ በላን። ክትፎው ላይ ቅሬታ የለኝም።

ከዚያ ቁልቁል ጊቤ በረሃ ነው። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዝ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ተነሳ። ጋሼ ወዲያው ኤሲውን አጥፍተው ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፈቱት። እናቴ ከኋላ «ልጄ፣ ሰውየው አበዱ እንዴ?» አለችኝ፤ በዚያ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት! ግን ጥበብ ነው። ማሞቂያው የሚሠራው በሞተሩ ሙቅ ውሃ ስለሆነ ሙቀቱን ከሞተሩ ተቀብሎ ወደ እኛ ያወጣዋል። መርፌው ትንሽ ረገብ ሲል ሜዳ ቦታ ፈልገው ዳር አወጡ። ከኋላ ድንጋይና ቅጠል ደረደሩ። ከዚያ ቁጭ አሉ። ሥራቸው መጠበቅ ነው።

አንድ አይሱዙ ቆመና ሹፌሩ «ፋዘር፣ ምን ጎደላችሁ?» አለ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ክዳኑን በጨርቅ ሊከፍት ነው። አሁንም ጋሼ ከለከሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል። ያኔ ወጪው የውሃ ሳይሆን የሞተር ነው። ግማሽ ሰዓት አልፎ፣ የላይኛው የጎማ ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ልስልስ ሲል፣ ክዳኑን ትንሽ አላልተው ትንፋሹን አስወጡ። ቀስ በቀስም ሞሉ። ለእኚህ ሰውዬ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ቅጥራቸው ግን የዚያው አከራይ ስለሆነ ነጥቡ ለማን እንደሚገባ እናንተው ፍረዱ።

ሰኮሩ መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ አሳየን። መካኒኩ ማጠራቀሚያዋን እስከ አፏ ሞላና «አለቀ» አለ። ገንዘብም አልተቀበለ። ደግ ሰው ነው፤ አገልግሎቱ ግን ግማሽ ነው። ኩላንት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ ወይ ፈሷል ወይ ሞተር ውስጥ ገብቷል። በዚህ ጉዞ ውሃ የሚሞላልኝ ሰው አጥቼ አላውቅም፤ ውሃው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ነው። እሱን ያገኘነው ጅማ ነው።

ጅማ ያገኘነው ወጣት መጀመሪያ ያደረገው መኪናዋን ማሳደር ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው የዘይት መለኪያውን መዘዘ፤ ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ጓርኒሲዮን (በቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ንጹህ ነበር፤ እፎይ አልን። ከዚያ በባትሪ እያበራ ቱቦዎቹን ተከተለ። የታችኛው ቱቦ ማሰሪያ አጠገብ የደረቀ ሮዝ ነጠብጣብ አሳየኝ። ላልቷል። ክዳኑን ገልብጦ ደግሞ ጎማውን በጥፍሩ ሲነካው ተሰነጠቀ። «እትዬ፣ ዳገት ላይ ያፈላባችሁ ይሄ ነው» አለ። ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ክዳን ቀየረ። የገረጣውን ፈሳሽ አውጥቶ ታሽጎ ከመጣ ጀሪካን የተዘጋጀ ኩላንት ሞላ። ሞተሩን አስነስቶ አየሩ እስኪወጣ ክዳኑን ክፍት አድርጎ ጠበቀ፣ ሲቀንስ ጨመረ። የእጅ ዋጋው ወልቂጤ ከከፈልነው የምሳ ሒሳብ ያነሰ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ያወጣውን ኩላንት በሰፊ ሳፋ ደጅ ተወው። ፈሳሹ ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። የሰፈር ውሻ ቀምሶት ሊሞት ይችላል። ስነግረው አልተከራከረም፣ ወደ ውስጥ አስገባው።

አዲስ አበባ ስመለስ ለወንድሜ መኪና ኩላንት ልገዛ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ያልታሰበ ምርጫ አለ፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ። ቀለሙን አይታችሁ አትግዙ። ቀለም ማቅለሚያ ብቻ ነው፣ ደረጃ አይደለም። የመኪናው መመሪያ የሚለውን ዓይነት ጠይቁ። የተዘጋጀ ነው ወይስ ውሃ የሚፈልግ የሚለውንም አንብቡ። አንዱ ሱቅ በሃይላንድ የተገለበጠ አረንጓዴ ነገር «ኦርጅናል ነው» ብሎ አቀረበልኝ። ቤት ውስጥ ሕጻን ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ሃይላንድ ደጃፉ አያድርስ። ጎረቤቱ ግን ማሸጊያውን ከፍቼ እንዳይ ፈቀደልኝ፤ የገዛሁትም ከእሱ ነው። የሚቀላቀል ውሃ ካስፈለገ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል። ስትጠይቁ ግን «ውሃ» ማለታችሁን አረጋግጡ፤ የባትሪ አሲድም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው።

መኪናዋን ስመልስ አከራዩ የክዳኑንና የኩላንቱን ዋጋ ሳያንገራግር ከሒሳቤ ቀነሰ። የጅማውን ልጅ የእጅ ዋጋ ግን «ደረሰኝ የለውም» ብሎ አልቀበል አለ። መጀመሪያ ፎቶ ያነሳው የአከራዩ ልጅ እንደገና ጭረት ፍለጋ መኪናዋን ዞራት። ኮፈኑን አሁንም አልከፈተም። በሚቀጥለው ከዚያው ቤት ብከራይ የምከራየው ጋሼ የሚነዱት ከሆነ ብቻ ነው፤ እሳቸው ሌላ ቦታ ከተቀጠሩ ደግሞ እዚያው እሄዳለሁ።