የቦክሰር ፍሪሲዮን ገመድ፦ ኦሪጅናሉ ወይስ ባለ 280 ብሩ?

ቦክሰር ሞተር ሳይክል የምትነዱ ጓደኞቼ በየሳምንቱ "የፍሪሲዮን ገመድ የቱን ልግዛ" እያላችሁ ስለምትደውሉልኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ኦሪጅናሉን ግዙ። አዎ እኔ ስገዛ 750 ብር ነበር፣ ኮፒው 280፣ እኔም 470 ብር አተርፋለሁ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ሂሳቡን እዩልኝ። የመጀመሪያው ኮፒ በሳምንቱ ላላ፣ መካኒኩ አጠበቀልኝ፣ ደሞ ላላ፣ ደሞ አጠበቀ፣ መጨረሻ ላይ እጀታው ላይ ምንም ክፍተት ሳይቀር ፍሪሲዮኑ ሁሌ በትንሹ እንደተያዘ ሆኖ ቀረ፣ እኔ የት አውቄ። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል ፍጥነት ግን የለም፣ የሆነ ነገር ይቃጠላል። ፍሪሲዮኑ ውስጥ ተጣብቆ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው ሸራ ነው ለካ! ሸራ ከነእጅ ዋጋው 1,900። ሁለተኛው ኮፒ 300 ገባ፣ ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ እጀታው ውስጥ የምትገባዋ ድብልብል ራስ ከሽቦው ሾልካ ወጣች፣ ሞተሬን ፒካፕ ላይ ጭኜ ከተማ ለመግባት 500። በድምሩ 2,980 ብር!

ሱቅ ውስጥ ማሸጊያውን አትመኑ፣ እሱንም ይኮርጁታል። ገመዱን ሰፋ አድርጋችሁ እንደ ቀለበት አጥፉና ሽቦውን ወዲህ ወዲያ ሳቡት፣ ከጎረበጠ መልሱለት። አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን ለኩት፣ አንድ ሴንቲ ካነሰ ኋላ ማስተካከያው አይበቃችሁም።

ግን መጀመሪያ ገመዱ በእርግጥ መቀየር አለበት ወይ? ብዙዎቻችሁ የምትደውሉት ማስተካከል ብቻ ለሚፈልግ ነገር ነው። እጀታው ጫፍ ላይ ትንሽ ባዶ መሄድ አለበት። ፍሪሲዮን ይዛችሁ ማርሽ አልገባ ካለ ወይ ሞተሩ ወደፊት ከጎተታችሁ ላልቷል ማለት ነው፣ እጀታው ጋ ያለችውን ማስተካከያ በጣት አዙሩ፣ እሷ ካለቀች ወደ ውስጥ መልሷትና ታች ሞተሩ ጋ ያሉትን ዳዶዎች በቁልፍ። ከዛ መሪውን ግራ ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩት፣ ክፍተቱ ከተለወጠ ገመዱ የሆነ ቦታ ተወጥሯል። እጀታው ጋ አንድ ክር ተበጥሶ ጣታችሁን ከወጋ ግን አለቀለት፣ ቀይሩት።

በ50 ብር እንበይድልህ የሚሏችሁ ደሞ አሉ። እሱ ቤት ለመድረስ ነው።

ኦሪጅናሉም በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ይላላል፣ አትደንግጡ። የኔ ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ያስተካከልኩት ያኔ አንዴ ብቻ ነው። ውስጡ የፕላስቲክ ቱቦ ስላለው ግራሶ አታስገቡበት፣ አቧራ ይዞ ያደርቀዋል። ስትገዙ ተከራከሩ፣ ባለሱቁ 50 ብር ሊቀንስላችሁ ይችላል፣ "ኦሪጅናል ነው፣ ለአንተ በ400" ካላችሁ ግን ሌላ ሱቅ ሂዱ።