ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ዊኬንድ ዲግሪ የተማርኩበት ኮሌጅ

ሌቭል 4 አካውንቲንግ ይዤ ስንት ዓመት ካሸር ሆኜ ቆየሁ፣ ከኔ ኋላ የተቀጠረ ልጅ ዲግሪ ስላለው ብቻ አለቃዬ ሲሆን ነው በቃ ልማር ያልኩት። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ቱሉ ዲምቱ አደባባዩን አለፍ ብሎ ነው፣ የመረጥኩትም በአንድ ታክሲ ስለምደርስ ነው (እውነቱን ለመናገር ሌላ ምክንያት አልነበረኝም)።

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፣ ከስር ብረታ ብረት ቤት አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኮስት አካውንቲንግ እየተማርን ግራይንደሩ ሲነሳ መምህሩ ማርከሩን ይዞ ቆሞ ይጠብቅና "እሺ የት ደረስን?" ይላል። መምህሮቹ ግን አንደኛ ናቸው፣ ቀን ስራ ላይ ያሉ ሰዎች ስለሆኑ ምሳሌያቸው ሁሉ ከቫውቸርና ከባንክ ሪኮንሲሌሽን ነው፣ ሰኞ ቢሮ ገብቼ የምሰራበትን ነገር ነው ያገኘሁት። ሬጅስትራሩን ግን ተዉት። ግሬድ ሪፖርት ለማውጣት ሶስት ጊዜ ከስራ አስፈቅጃለሁ፣ አንዴ ሲስተም የለም አንዴ ሰውየው ምሳ ወጥቷል።

ለመመዝገብ የምታስቡ ክፍያ ከመጠየቃችሁ በፊት እውቅና ፈቃዱን አሳዩን በሉ፣ ፈቃድ የሚሰጠው በየካምፓሱና በየፕሮግራሙ ስለሆነ ዋናው ግቢ አለው ማለት እናንተ የምትማሩበት ቅርንጫፍም አለው ማለት አይደለም፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መውጫ ፈተና አለ፣ ከመቶ 50 ካላመጣችሁ ስንት ዓመት ብትከፍሉም ዲግሪው አይሰጣችሁም፣ ስለዚህ ባለፈው ዙር ስንት ሰው አሳለፋችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ስጠይቅ እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ብሮሸር ሰጠችኝ ሃሃ