«ካምቢዮ መውረድ አለበት» ሲሏችሁ ጠርጥሩ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ ያላችሁ በተለይ አንብቡት። (ካምቢዮ ማለት የማርሽ ጥርሶቹ ያሉበት፣ ከመኪናው ስር ተፈቶ የሚወርደው ሳጥን ነው።)

የጋራዡን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ደጁ ላይ የተኮለኮለ ባዶ የዘይት ጣሳ፣ መኪናዋ ገና በር ሳትገባ «አወቅኩት» የሚል ባለቤት። የእኔዋ ችግር ማርሿ ነበር። ዘንጉ እንደ ገንፎ ማማሰያ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሦስተኛ ስፈልግ አምስተኛ ይገባል፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ በልመና ነው። ሰውየው አንዴ ወዘወዘና ከንፈሩን መጠጠ። «እህቴ፣ ካምቢዮው አልቋል። ወርዶ የውስጥ ጥርሱ ይቀየራል፣ ዘይቱም ይቀየራል። 14 ሺህ።» ሱቆች ውሃ የማደርሰው በዚህችው መኪና ነው። ቆመች ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው። ግማሹን ከፍዬ ወጣሁ።

የዱቤ ደብተሬን መኪናው ውስጥ ረስቼ ተመለስኩ። መኪናዬ ጉድጓዱ ላይ አልወጣችም። ክሪክም አልገባላትም። አንድ ረዳት ልጅ ጋቢና ውስጥ ተንበርክኮ የማርሹን የጎማ ሽፋን ወደ ላይ ገልብጦታል። ክቡ ክዳን ላይ ጨርቅ ጣል አደረገ፣ በሁለት እጁ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራ ጠመዘዘው። ዘንጉን ሳብ ሲያደርገው ሙሉውን ወጣ። ጫፉ ባዶ ነው። እዚያ ላይ መሰካት የነበረባት የፕላስቲክ ቡሺንግ (የዘንጉን ጫፍ አጥብቃ የምትይዝ ትንሽ ቆብ) ተፈርክሳ አልቃለች፤ ማርሹን ያላላው ይኸው ነው። ስባሪዋን ከውስጥ በቀጭን ፒንሳ ለቅሞ መሬት ላይ ጣላት። ከሸሚዝ ኪሱ አዲስ አወጣ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ካለ ሙቅ ውሃ ነከር አደረጋት፣ ለስለስ ስትል ጫፉ ላይ በመዳፉ ገፋት። ጠቅ አለች። ግራሶ ቀባ፣ ዘንጉን መለሰ፣ ክዳኑን ጠመዘዘ። አለቀ!

«ካምቢዮውስ?» አልኩት። ልጁ መልስ የለውም፤ ዓይኑን ወደ ቢሮው ወረወረ።

ባለቤቱ ቀሪውን 7 ሺህ ሊቀበል ወጣ። ጎንበስ ብዬ ከስር አየሁ። ከሱሉልታ መንገድ ይዤው የመጣሁት ጭቃ የካምቢዮው ብሎኖች ላይ ደርቆ እንደተጋገረ ነው። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ላይም እንዲሁ። ቁልፍ የሚባል ነገር አልነካቸውም። አሳየሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ይሄ የመካኒክ ነገር ነው፣ አይገባሽም። ባልሽን ላኪው፣ ለሱ እናስረዳዋለን።» ከኋላው የቆሙት ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እጁን ዘርግቶ ብሩን ይጠብቃል። ከ14 ሺው ይልቅ ያ ሳቅ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። (ባል የለኝም። ቢኖረኝም መኪናዋ የእኔ ናት።) ቁልፌ እሱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ጠዋት የሚጠብቁኝ ሱቆች አሉ። ከፈልኩ። ደረሰኝ ስለው «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለኝ። መቼም አይጠገንም ያ ማሽን።

ዛሬ ሶማሌ ተራ ገብቼ ያችኑ ቡሺንግ ጠየቅኩ። 300 ብር። ሻጩ ጭራሽ «ሁለት ውሰጂ፣ ቶሎ ነው የምታልቀው» አለኝ።

ማርሻችሁ ከላላ መጀመሪያ ከላይ ይከፈት በሉ። በእኔዋ ሞዴል ዘንጉ ከጋቢና ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ከስር የሚነካ ነገር የለም። ራሳችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ ማርሹ ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ሳይገባ) ይሁን፣ ዘንጉ ሲወጣ ክፍቱ ላይ ንጹህ ጨርቅ ወትፉበት። ብሎን ከገባበት ያኔ እውነትም ካምቢዮ ይወርዳል። ይውረድ ብላችሁ ከተስማማችሁ ደግሞ መኪናውን ትታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የካምቢዮውን ብሎኖች ከነጭቃቸው ፎቶ አንሱ።