ሊቼስ፦ በነፃ የሚሰጥ፣ ግን የማያባብል

ቼዝ በውድድር የሚጫወት ሰው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል። እኔ ለዚህ የምጠቀመው ሊቼስ የተባለውን የቼዝ ድረ ገጽ ነው። ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ በ2010 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። ማስታወቂያ የለ፣ ክፍያ የለ፤ መዋጮ ብትሰጡ እንኳ የምታገኙት ስማችሁ አጠገብ የምትቀመጥ የክንፍ ምልክት ናት።

አቅሙን ለማየት በ2021 ዱባይ ላይ ማግኑስ ካርልሰንና ኢያን ኔፖምኒያሺ ለዓለም ሻምፒዮና ያደረጉትን 6ኛ ጨዋታ ክፈቱ። 136 እርምጃ የፈጀ፣ በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ ነው። አምስቱ ቀዳሚ ጨዋታዎች በአቻ አልቀዋል። ካርልሰን በ26ኛው እርምጃ ንግሥቱን ሰጥቶ ሁለት ሩክ ወሰደ። ወደ 40ኛው ሲቃረቡ ሁለቱም ሰዓት አጥሯቸው ተራ በተራ ሲስቱ ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ሞተር (እርምጃዎችን የሚመዝን ፕሮግራም) እያንዳንዷን ስህተት ያሳያችኋል፤ ርኅራኄ አያውቅም።

ይበልጥ የሚጥመኝ ግን መጨረሻው ነው። ሰሌዳው ላይ ሰባት ቁራጭ ብቻ ሲቀር የመጽሐፍ ቅርጽ ያላትን ምልክት ንኩ። ነጭ፣ ማለትም ካርልሰን፣ ንጉሥ፣ ሩክ፣ ፈረስና ሁለት ወታደር አለው፤ ጥቁሩ ኔፖምኒያሺ ንጉሡና ንግሥቱ ብቻ ቀርተውታል። ከታች የሚወጣው ዝርዝር የእያንዳንዱን እርምጃ ፍርድ ይሰጣል፤ ሰባት ቁራጭ የቀረበት አቀማመጥ ሁሉ አስቀድሞ ተሰልቶ ስላለቀ ግምት ሳይሆን የተረጋገጠ ነው። ጥቁር በ130ኛው ንግሥቱን ኢ6 ወደተባለው ካሬ እስኪያመጣ ድረስ ፍርዱ አቻ ነው። ኢ6 ላይ ሲያርፍ ግን ተሸናፊ ይላል። ጨዋታው ከጀመረ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ለአንድ እርምጃ ሠላሳ ሰከንድ እየተጨመረ! እኔ ብሆን ያኔ ንግሥቴ የት እንዳለች ራሱ የማውቅ አይመስለኝም።

ችግሩ «ተሸነፈ» ማለቱን እንጂ ለምን እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ይህ የሁሉም ኮምፒውተር ጠባይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ሐሳባችሁን ከእያንዳንዱ እርምጃ ሥር ጻፉ፣ ከዚያ አብሩት። «ስተዲ» የሚባለው ክፍል ለዚሁ ይመቻል፤ ጨዋታውን በምዕራፍ ከፋፍላችሁ ለክለብ ጓደኞቻችሁ ትልኩታላችሁ፣ እነሱም አስተያየት ይጨምሩበታል።

ስቶክፊሽ ስልካችሁ ላይ ይሠራል፤ የሰባት ቁራጩ ፍርድ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ለጀማሪ ይህ ሁሉ ይበዛበታል፤ እንቆቅልሾቹን ይፍታ፣ ለጊዜው ይበቃዋል።