«ያዘ» ብቻውን አልበቃኝም፦ የአራት ኪሎው የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የልደት ካርድ፣ ውክልና፣ የሕክምና ወረቀት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ውጭ አገር ላለ ሐኪም የሚላክ ጽሑፍ ይዘው መጡ። «ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል» ይላል። እኔ «ሆልድ» ብዬ ጻፍኩት። ከሳምንት በኋላ ልጃቸው ደወለች። ሐኪሙ ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ አልገባውም። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እሳቸውን ሌሊት የሚቀሰቅሳቸውን ሕመም እኔ ኩባያ እንደመያዝ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።

መስከረም ላይ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ከድል ሐውልቱ ወደ ፒያሳ ሲኬድ ያለ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ11:30 እስከ ማታ 1:00። ክፍያው በወር 2,500 ብር ነው። ከሥራ በእግሬ ስለምደርስ የታክሲ ሰልፍ አልጠብቅም። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተለመደው ሰዋስው ነው። አልፈዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቲቸር ሰሌዳው ላይ በአማርኛ «ያዘ» ብለው ጻፉ። «እስቲ በዚህ ቃል የምትሉትን ሁሉ ንገሩኝ» አሉ። ታክሲ ያዝኩ። ጉንፋን ያዘኝ። ዝናብ ያዘኝ። ወረፋ ያዝልኝ። ቂም ያዘ። ፖሊስ ያዘው። ሰሌዳው ሞላ። ዞር አሉና «እንግሊዝኛ ግን እጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ይጠይቃችኋል» አሉን።

ትርጉም አላስጻፉንም። እጃቸውን አሳዩን። የአንዱን ልጅ እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ላይ ላፍ አደረጉ፤ ግራብ። ያንኑ እስክሪብቶ አጥብቀው ያዙና «ና፣ ውሰደው» አሉት። ልጁ ቢጎትት አልለቅ አሉ፤ የጣታቸው መገጣጠሚያ ነጣ። ግሪፕ። ቡጢ ጨበጡ፣ ጥርሳቸውንም ነከሱ፤ ሁለቱም ክሌንች ነው። ጣት ለጣት ቆላለፉ፤ ክላስፕ። የሐብል መቆለፊያም ስሙ ይኸው ነው። የእናቱን ቀሚስ ይዞ ሙጭጭ ያለ ሕፃን ደግሞ ክሊንግ ነው። ሰውነት ላይ የተጣበቀ እርጥብ ልብስም እንደዚያው።

ክላች ላይ ሲደርሱ ከፊት ከተቀመጠች ተማሪ ቦርሳ ተቀበሉ። ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጠ፤ ዓይናቸው በር በሩን ያያል። «ሊነጥቁኝ ነው ብሎ የፈራ ሰው እንዲህ ነው የሚይዘው» አሉ። እኔም ፒያሳ ሰው ሲበዛ ስልኬን የምይዘው እንደዚያ ነው። ስም እንዳለው ግን አላውቅም ነበር። አንድ ሹፌር ተማሪ «ቲቸር፣ የመኪናው ክላች ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ከጣሊያንኛ ወስደን ፍሪሲዮን የምንለው ማለቱ ነው። አዎ፣ ያው ቃል ነው። ፔዳሉን ስትረግጠው ዲስኩ ይለቃል፤ እግርህን ስታነሳ መልሶ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ቃሉ «አት» ሲከተለው ደግሞ ገና ያልተያዘን ነገር ለመያዝ መፍጨርጨር ይሆናል። «ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል» እንላለን። እንግሊዞች ደግሞ አረፋውን ትተው ጭድ ያስጨብጡታል።

በጣም የነካኝ ግራስፕ ነው። በእጅ አጥብቆ መጨበጥ ነው፤ ነገሩን መረዳትም ነው። ቲቸር «አማርኛችሁስ?» አሉ። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ ከኋላ «ጭብጥ!» አለች። እውነት ነው። የአንድ ጽሑፍ ጭብጥ የምንለው ከመጨበጥ የመጣ ነው። ተጨባጭ ማስረጃም እንዲሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ «ተጨባጭ» የሚለውን ቃል ስተረጉም ውስጡ እጅ እንዳለ ልብ ብዬ አላውቅም።

ወደ ቀልብ የተሻገሩት በዚህ መንገድ ነው። እጅ የሚያደርገውን ያወቀ ሰው ታሪክ ልብን ሲይዝም አይቸገርም። ግሪፒንግ የሚባል ታሪክ ቢጎትቱት የማይለቅ ነው። ሪቬት የብረት ሠራተኛው ሁለት ብረት የሚያያይዝበት ነው፤ ጫፉ ተቀጥቅጦ ስለሚደፈጠጥ አይወጣም። ዓይን ሪቬት ሲሆን እኛ «ዓይኑን ተክሎ ቀረ» እንላለን። ካፕቲቬት ከምርኮኛ የመጣ ነው፤ አማርኛም አንድ ቃል ነው የሚጠቀመው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣሊያን ወታደሮች ተማረኩ፤ እኛም ጥሩ ድምፅ ስንሰማ እንማረካለን። ኢንግሮስ ደግሞ ቀልብን ጠቅልሎ መውሰድ ነው፤ ሥሩ ከፈረንሳይኛ የጅምላ ንግድ ነው፤ ድሮ ገበያ ላይ ያለን እህል ጠቅልሎ መግዛት ማለት ነበር። ይህን ስሰማ «ቀልቤን ገዛው» የሚለው አማርኛችን መጣብኝ። እዚያም እዚህም ግዢ ነው።

ቅር ያለኝ ይሄኛው ክፍል በአንድ ማታ ተኩል መጠናቀቁ ነው። ቢያንስ ሳምንት ይገባው ነበር። የሚታደለው ኮፒ ደብዛዛ ነው፤ ክሌንችና ክሊንች አይለዩም፤ ሁለተኛው ግን ስምምነት መቋጨት ማለት ስለሆነ ፈተና ላይ ብዙዎቻችን ተሳስተናል። ቲቸር ስንነግራቸው በእጃቸው ጽፈው አመጡ። ቢሮው ግን አዲስ ኮፒ አላዘጋጀም። ክፍሉ ውስጥ ከሠላሳ በላይ ነን፤ ኋላ የተቀመጠ ሰው እጃቸውን አያይም። በእንዲህ ዓይነት ትምህርት እጅ ካልታየ ገንዘቡ ከንቱ ነው። እንግሊዝኛ ገና ለሚጀምር ሰውም አልመክረውም። ለሚጽፍ፣ ለሚተረጉም፣ ደብዳቤ ለሚያረቅ ሰው ግን ከልቤ እመክራለሁ።

ኅዳር ላይ እኚያ እናት ለሌላ ወረቀት ተመልሰው መጡ። የድሮውን ጽሑፍ አውጥቼ ያለ ክፍያ አስተካከልኩላቸው። «ሆልድ» ወጣ፣ «ግሪፕ» ገባ። ከመጻፌ በፊት ግን «እማማ፣ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጣቶቻቸውን ዘርግተው ደረታቸው ላይ አደረጉና ቀስ እያሉ ጨመደዱት። ነጠላቸው እስኪጨማደድ ድረስ።

ምዝገባው ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ፊት ወንበር ለመያዝ 11:00 ላይ ድረሱ።